ሰበብ ፍለጋ

ቦጋለች ገብሬ ከብዙ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ከምባታ ሲመለሱ ማውራት የፈለጉት ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነበር። የአገሬው ሰው ግን በቅድሚያ ያነሳባቸው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ድልድይ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚደርስበት መሻገሪያ የለም። አስቡት እንግዲህ፤ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ማይክሮባዮሎጂ የተማሩ፣ ስለ ቫይረስ ሊያስረዱ የመጡ ሴት ስለ ድልድይ መጨነቅ ጀመሩ። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ሰውነት፣ ስለ ግርዛት፣ ስለ በሽታው ቁጭ ብሎ ማውራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ያገኘሁት በሥራ አጋጣሚ ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ትንሽ ቡድን ስለ ወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና የሚያስረዳ የስልክ መተግበሪያ እንዲሠራ ታዘዘ። አሠሪው ድርጅት በላከልን የፍላጎት ሰነድ ውስጥ አንድ መስመር ነበረች፦ «መተግበሪያው ወላጆችና ልጆች በግልጽ እንዲነጋገሩ ያደርጋል።» ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ መስመር ሲያነብ የሚጠይቀው ነገር ቀላል ነው፤ «ያደርጋል» የሚለው በኮድ እንዴት ይጻፋል? ቁልፍ ነው? ማስታወሻ የሚልክ ደወል ነው? ከእኛ በፊት ይህን የሞከረ ማን ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የማገኘው በራሪ ወረቀትና ፖስተር ይመስለኝ ነበር። ያገኘሁት ግን እኔ ራሴ ሳላውቀው ያደግኩበት የሃያ ምናምን ዓመት ታሪክ ነው።

ካነበብኩት የገባኝን አስቀድሜ ልናገር፣ ከዚያ ማስረጃውን እናያለን። በዚህ አገር ወላጅንና ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ «በሉ አውሩ» ያለ ዘመቻ ብዙ ርቀት አልሄደም። ራቅ ብለው የሄዱት ሰበብ የሰጡት ናቸው። ድልድይ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ፍየል፣ ደብተር። ሰበብ ስል ማታለያ ማለቴ አይደለም። ሰው ሊለው የሚፈልገውን ነገር ሳያፍር እንዲለው የሚያስችለው መያዣ ማለቴ ነው። ቦጋለች ራሳቸው ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት የሄዱት ውኃ ልቀዳ እያሉ ከቤት በመውጣት ነበር፤ ሰበብን በደንብ ያውቁታል።

«ባህላችን ስለ ወሲብ አያወራም» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ብለነዋልም። እውነቱን ለመናገር አይመስለኝም። የድሮውን ሠርግ አስታውሱ። የሙሽሪት ድንግልና የተገኘበት ሌሊት በዘፈን፣ በእልልታና በጭፈራ የሚታወጅ ጉዳይ ነበር። «ብር አምባር» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ የማያውቅ የሠርግ ታዳሚ የለም። ደም የነካው ጨርቅ በሚዜዎች እጅ ወደ ልጅቷ ወላጆች ቤት ይላክ ነበር። በአንዲት ልጅ ሰውነት ላይ በአንድ ሌሊት የሆነውን አገር ምድሩ ያወራዋል። የማይሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትየዋና ልጅቷ ከዚያ ሌሊት በፊት ስለዚያ ሌሊት ማውራታቸው።

ስለዚህ ዝምታው የባህሉ ሁሉ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዝምታ ነው። ለቀረው ሰው ተመድቦለት ነበር፦ አክስት፣ ያገባች ታላቅ እህት፣ ሚዜ፣ የነፍስ አባት። እኛ ሙያ ውስጥ ሁለት ማሽኖች በቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ መሀል ላይ አገናኝ ይቀመጣል። እዚህም እንደዚያው ነው። ይሄ አሠራር ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሚዜው የሚያውቀው ምን ነበርና! ግን አሠራር ነበር።

ደግሞ የሚወራበት ጊዜም አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ብሎ ያስቀመጠው 15 ዓመት ነው። በአማራ ክልል ገጠር ደግሞ ሕጉም ሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የክልሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንደተዳሩ ያሳያል። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ወይም ልክ እንደደረሰች ከተዳረች ለእናት የሚተርፍ የማውሪያ ጊዜ የለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። ትምህርት ቤቱም ከተማውም ጨመሩበትና በአቅመ ሔዋንና በጋብቻ መካከል ቀድሞ ያልነበረ ክፍት ቦታ ተፈጠረ፤ አምስት ዓመት፣ አስር ዓመት፣ አዲስ አበባ ከሆነ ከዚያም በላይ። ወላጆቻችን በዚህ ክፍት ቦታ ውስጥ ምን እንደሚባል ከማንም አልተማሩም፤ የእነሱ ወላጆችም እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም። እናትና አባቴን በዚህ ጉዳይ «ዝም አሉን» እያልኩ መውቀስ ያቆምኩት ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው።

ሕጉም ዝምታውን ያግዝ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎት ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት እንግዲህ የሚሰጠውን አገልግሎት ጮክ ብሎ መናገር የማይቻልበት ዘመን ላይ ነው የተወለደው። ይህ ክልከላ እንዲነሳ የጠየቀው የሕዝብ ፖሊሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ቃሉ ነው። መተግበሪያ ስትሠሩ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ በሙሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ያ ፋይል እኔ ጋ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነገር የአማርኛ ስም ማግኘት አለብኝ። «ሥነ ተዋልዶ ጤና» ይላል ሰነዱ። እሺ፣ ይህን ቃል እቤቱ ውስጥ የተናገረ ሰው ታውቃላችሁ? «የወር አበባ» ደህና ነው፤ እንዲያውም ውብ ነው። ግን የቀደመው ቃል «አደፍ» ነው፣ እድፍ ከሚለው ጋር ዘመድ፤ የመጽሐፉ ደግሞ «ልማደ አንስት»። ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ የቤተ ክርስቲያኑ «ሩካቤ ሥጋ» አለ፣ የፍርድ ቤቱና የጤና ጣቢያው «ግብረ ሥጋ ግንኙነት» አለ፣ የቀረው በሙሉ ስድብ ነው። በመቅደስ፣ በችሎትና በስድብ መካከል፣ ሽንኩርት እየከተፉ ሊባል የሚችል ቃል የለም። «ግንኙነት» ብዬ ለማሳጠር ሞከርኩ፤ ከኢንተርኔት ግንኙነት ጋር ተምታታ። አሥራ አምስት ዓመቷ የሆነችው እህቴ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባ «ይሄ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» ብላ ስልኬን መለሰችልኝ።

ከዚያ ኤችአይቪ መጣ። በአገራችን የቫይረሱ የመጀመሪያ ምልክት የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986። ብሔራዊ ፖሊሲ እስኪወጣ ግን 1998 ደረሰ። ከዚያ በኋላ መንግሥትም፣ ሃይማኖቱም፣ ዘፋኙም «አውሩ» ማለት ጀመረ። አርቲስቶች ተሰባስበው የዘፈኑትን «ማለባበስ ይቅር» የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ርዕሱ ራሱ ትእዛዝ ነው። ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ነበር፣ ሚኒ ሚዲያ ነበር፣ ቀይ ሪባን ነበር። መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም፤ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃል የተያዘ ነው። ቤት ስንገባ ግን የኮንዶም ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲመጣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ወጡን ልታማስል ትነሳለች።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በሚኒ ሚዲያ ማይክ እነዚያን ሦስት ቃላት በየጠዋቱ የምታነብልን አንዲት ልጅ ነበረች። ድምጿ ያምራል፣ አንብባ አትሳሳትም። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ሆዷ ገፋ፣ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። እናቷ ያወቁት ከጎረቤት ነው ተባለ። በልጅነቴ የገረመኝ «እንዴት ሳታውቅ?» የሚለው ነበር። አሁን ሳስበው ታውቃለች። ከሁላችንም በላይ ታውቅ ነበር። ያልነበራት የምትነግረው ሰው ነው። ሰነዳችን ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው «መረጃ መስጠት» የሚለው ነው።

ወደ ከምባታ ልመለስ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር የመሠረቱት ድርጅት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶጴ ይባላል፣ በአጭሩ ኬኤምጂ፤ የከምባታ ሴቶች ኃይላቸውን አስተባብረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በሀላባና በያቤሎ «የማኅበረሰብ ውይይት» የተባለውን ነገር ሲያስጀምር በሀላባው ላይ አብሮ የሠራው ኬኤምጂ ነው። አሠራሩን ላስረዳ፣ ዋናው ነገር ያለው አሠራሩ ላይ ነውና።

ሃምሳ ያህል ሰው በየሁለት ሳምንቱ ይሰበሰባል። ሽማግሌ አለ፣ ባልቴት አለች፣ ያገባ ያላገባ ወጣት አለ። አወያዩ ከዚያው አካባቢ የወጣና የሠለጠነ ሰው ነው፤ ሥራው ማስተማር ሳይሆን መጠየቅ ነው። አንድ ቀን አይደለም፣ ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ ስለ ግርዛት አይነሳም፤ ስለ መንደሩ ችግር ይነሳል፣ ውኃ፣ መንገድ፣ ገበያ፣ በሽታ። ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ቡድኑ ራሱ ይወስናል፣ ውሳኔውንም ራሱ ያስፈጽማል።

አሁን በዚህ ክብ ውስጥ አንድ አባትና አንዲት ልጃቸውን በሐሳባችሁ አስቀምጡ። አባትየው ለልጃቸው አንድም ነገር አይሉም። ለአወያዩ «የዛሬ ልጆች እንዲህ ሆነዋል» ይላሉ። ልጅቷም ለአባቷ አንድም ነገር አትልም። እሷም ለአወያዩ «ወላጆች እንዲህ ቢያደርጉ ጥሩ ነበር» ትላለች። «አንቺ» የለም፣ «እርስዎ» የለም። ሁለቱም ስለ ሰው ልጅና ስለ ሰው ወላጅ ነው የሚያወሩት። ማታ አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሁለቱም የሌላውን ሐሳብ ሰምተዋል። አጠገብ ለአጠገብ ሆኖ ሊባል የማይችለው ሃምሳ ሰው መሀል ተባለ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ የግል ጉዳይ በሕዝብ ፊት እንዴት ይቀላል? የሠርጉን ዘፈን ካስታወስን ግን አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ አገር አደባባዩ ከጓዳው ቀድሞ ነው የሚናገረው።

ሠርጉም ራሱ ተመልሶ መጣ። በዚያው በ2002 በከምባታ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። እሷ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ደግሞ እንዲህ ያለች ሴት በማግባቱ መደሰቱን ጽፈው አንጠልጥለው ነበር። ድሮ የደም ጨርቅ የሚያሳየው ሠርግ አሁን ሌላ ነገር አሳየ። ሥርዓቱን አላፈረሱትም፤ የሚሸከመውን መልእክት ነው የቀየሩት። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባደረገው ጥናት በአካባቢው ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ሴት ልጁን ማስገረዝ እንደማይፈልግ ተናግሯል። ከአሥር ዓመት በፊት ቁጥሩ ተገላቢጦሽ ነበር ማለት ይቻላል። ቦጋለች በ2019 ሲያርፉ በመላው ዓለም ጋዜጦች የተጻፈላቸው በዚህ ነው። ድልድዩ በአንዳንዶቹ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል፤ እኔ ግን ርዕስ አደርገው ነበር።

ሀላባ ውይይቱ ሲጀመር በሬዲዮም ሌላ ነገር እየተሰማ ነበር። «የቀን ቅኝት» ትባላለች፤ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በዶክተር ንጉሤ ተፈራ መሪነት ያዘጋጃት የአማርኛ ተከታታይ ድራማ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል ተላለፈ፤ በሳምንት ሁለቴ ማለት ነው። ለኦሮምኛ አድማጭ ደግሞ «ዲምቢባ» ነበረች። ዘዴው የሜክሲኮ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የቴሌቪዥን ሰው በ1970ዎቹ ያወጣው ቀመር ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል፦ አንድ መልካም፣ አንድ ክፉ፣ አንድ ደግሞ መሀል ላይ የሚዋልል። ተመልካች የሚከተለው ያንን የሚዋልለውን ነው። መልካሙ ሰው አሰልቺ መሆኑን ሳቢዶ ያውቃል።

«የቀን ቅኝት» ስትተላለፍ እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፤ የማስታውሰው የሬዲዮውን ድምፅና ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶችን ነው። ስለ ፍቅርተ ያወራሉ። ፍቅርተ የሰፈራችን ሰው ትመስለኝ ነበር፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ መሆኗን ያወቅኩት አሁን ሳነብ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ የድራማው ሥራ። ለአንድ ሰፈር በሙሉ የጋራ ሐሜት ሰጠው፤ ያውም ማንንም የማይጎዳ ሐሜት፣ የምትታማዋ ሴት የለችምና። እናት ስለ ልጇ መናገር ያቃታትን ስለ ፍቅርተ ተናገረች፣ ልጅም ጥግ ላይ ሆና ሰማች። ለዝግጅቱ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ተጽፎለታል። በፖስታ፣ ያውም በዚያን ዘመን!

አዘጋጆቹ ካወጧቸው ውጤቶች አንዱ አድማጭ የሆኑ ሴቶች ካልሆኑት ሦስት እጥፍ፣ ወንዶቹ አራት እጥፍ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረጋቸው ነው። እዚህ ላይ የሙያ ጠባዬ ዝም አይልም። ድራማውን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ከመጀመሪያውም ለነገሩ የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ሬዲዮ ያለው፣ ከተማ የቀረበ፣ የተማረ። እነዚህን ለይቶ ማየት ይከብዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ከደብዳቤዎቹ አስበልጬ አልይዘውም። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቢያንስ እንዳወራ እናውቃለን።

በቁጥር በኩል ልቤን የገዛው ሞሰቦ ነው። ሞሰቦ በአማራ ክልል ያለ የገጠር ቀበሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ፖፑሌሽን ካውንስል ከክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር «ብርሃን ሔዋን» የሚል ፕሮግራም እዚያ ሞከረ። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በአካባቢው ሴቶች እየተመሩ በቡድን ይሰበሰባሉ፤ ያገቡትም የራሳቸው ቡድን አላቸው። ትምህርት ላይ ላለችና መመለስ ለምትፈልግ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣል። አዋቂዎቹ ደግሞ እንደ ሀላባው በየሁለት ሳምንቱ ይወያያሉ። እና ፍየሏ አለች። ወላጅ በምዝገባው ጊዜ ልጁን በሁለቱ ዓመት ውስጥ እንደማይድር ቃል ይገባል፤ ልጅቷ ሳታቋርጥ ከተከታተለች መጨረሻ ላይ አንዲት ፍየል በሕዝብ ፊት ለልጅቷና ለቤተሰቡ በጋራ ትሰጣለች።

ጥናቱን የጻፉት አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙተንጊ ናቸው፤ በ2009 ታተመ። ተመሳሳይ ከሆነና ፕሮግራሙ ካልገባበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። ስለ ሥነ ተዋልዶ ያላቸው ዕውቀትም፣ የጓደኞቻቸው ቁጥርም ጨመረ። የጓደኛ ቁጥር የሚለካ ጥናት ደስ ይለኛል።

ፍየሏን ብዙ ሰው እንደ ጉቦ ያያታል፤ 25 ዶላር ያህል ታወጣ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። አንድ አባት ልጁን መዳር አልፈለገም እንበል። ግን ሽማግሌ ተልኮበታል፣ የላከው ሰው ጎረቤቱ ነው፣ እምቢ ማለት መናቅ ነው። «ልጄ ገና ናት፣ ሰውነቷ አልጠናም» ማለት ደግሞ ስለ ልጅ ሰውነት ማውራት ነው፣ አይቻልም። አሁን ግን ቀላል መልስ አለው፦ «ቃል ገብቻለሁ፣ ፍየሏ ትቀርብኛለች።» ሽማግሌውም ሳይከፋ ይመለሳል። በዚያች ፍየል ጀርባ ላይ ስንት ያልተባለ ነገር እንደተጫነ አስቡ። ሕጉ ከነቅጣቱ አስቀድሞ መጥቶ ነበር፤ በአዲሱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜዋ ልጅን መዳር እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። ግን «እታሰራለሁ» ማለት ሽማግሌውን መክሰስ ይመስላል። ፍየል ማንንም አትከስም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሞሰቦ ተረት አይደለም። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ የመዳር ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ ልጆች በልጦ ተገኘ። ከፍ ያሉት ልጆች ጊዜያቸው እንደደረሰ ተቆጠሩ ማለት ነው፤ ልማዱ ዕድሜውን ገፋ እንጂ አልተወም። ደግሞ በኋላ የተሠራ ትልቅ ሙከራ አለ፤ ነገሮቹን ነጣጥሎ የፈተነ። አንዱ ቦታ ውይይት ብቻ፣ አንዱ ቦታ የትምህርት መሣሪያ ብቻ፣ አንዱ ቦታ ዶሮ ብቻ፣ አንዱ ቦታ ሁሉም። እኛ ኤ/ቢ ቴስት የምንለው ነገር በዶሮ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ጎልቶ የወጣው ውይይቱ ለብቻው አልነበረም። ደብተርና እስክሪብቶ የተሰጣቸው የ12–14 ዓመት ልጆች የመዳር ዕድላቸው 94 በመቶ ቀነሰ። በዓመት ሁለት ዶሮ የተሰጣቸው የ15–17 ዓመት ልጆች ደግሞ በግማሽ።

ይህን ውጤት ይዘው «ወሬ ዋጋ የለውም፣ ዕቃ ስጡ» የሚሉ አሉ። ድህነቱ እውነት ነው፤ ደብተር መግዛት ያቃተው ወላጅ ሰበብ ሳይሆን ደብተር ነው የሚያስፈልገው። ቢሆንም ሁለት ዶሮ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ አይቀይርም። ሁለት ዶሮ የሚቀይረው ከሽማግሌ ጋር የሚደረገውን ንግግር ነው። ባዶ እጅ ያለ ውይይት «በሉ ተናገሩ» ይላል፤ የሚናገሩበትን መያዣ ግን አይሰጥም። ከጊዜ በኋላ የማኅበረሰብ ውይይቱ በየቦታው ሲባዛ የሆነውም ይሄ ይመስለኛል። አጀንዳው ከላይ ተጽፎ መጣ፣ አወያዩ አስተማሪ ሆነ፣ ሰው ለአበል ፈረመ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሪፖርት ተላከ። ቅርጹ ቀረ፤ ክቡ ግን ወደ ክፍል ተቀየረ።

የእኔ ትውልድ የፀረ ኤድስ ክበቡን ያየ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። ገንዘቡ ሲቀንስ ክበቦቹም ደበዘዙ፣ በሽታውም ከወሬ ወጣ። በ2016ቱ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ሴቶች ከአራት አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ከአሥር አራት ያህል። እህቴ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ልክ ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን የምትጠይቀው ሰው የላትም። እኔ ልሁን ብዬ ነበር። «አንተ ደግሞ!» አለችኝ።

ወደ ሰነዱ መስመር ልመለስ። ለቡድኑ ያቀረብኩት «ከወላጅዎ ጋር ይነጋገሩ» የሚለው ቁልፍ እንዲወጣ ነው። በምትኩ አጫጭር የድምፅ ታሪኮች ይግቡ፤ አንዲት ልጅ፣ እናቷ፣ አክስቷ፣ አንድ የሚዋልል ጓደኛ። ታሪኩም በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልኩ ድምፅ ማጉያ እንዲከፈት ይሁን፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። የሥራ ባልደረባዬ «ሁሉም ሰው ድምፅ ይዘጋ ሲል አንተ ክፈቱ ትላለህ» ብሎ ሳቀብኝ። የልጆቹን ምስጢርም አሰብንበት፤ ጥያቄ መጠየቂያው ክፍል ለብቻው ተቆልፎ ስም ሳይጠይቅ ይሠራል፣ እዚያ ድምፅ የለም። ታሪኮቹ ግን ለሳሎን ናቸው። አሠሪው ድርጅት ሐሳቡን አልጠላም፤ የጠየቀን በወር ስንት ውይይት እንደተካሄደ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለኝም። ታሪኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እነግራችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን አላይም አልኳቸው። እየተከራከርን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል 3ን ቤት ውስጥ እየሞከርኩ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር ደጋግሜ ከፈትኩት። እናቴ ቡና እየቆላች «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ልጇ ላይ ለምን ትጮኻለች? እንዲህ ስትጮኽባት ማን ይነግራታል?» አለች። እህቴ ከመኝታ ቤት ሆና «እሷ እኮ ስለፈራች ነው» አለች። «ማን ናት የፈራችው? እናትየዋ?» «አዎ። ልጅቷም።» እናቴ ምጣዱን ወዘወዘችና ትንሽ ዝም ብላ «ቆይ፣ አክስትየዋ ምን አለቻት?» ብላ ጠየቀች። እኔን ነው የጠየቀችው። ክፍል 4 ገና አልተጻፈም።